የተካ ጥርስ

የሰሊጥ መጋዘን ሽታን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ እኔ ደግሞ ማስረዳት የሚያቅተኝ ሰው አይደለሁም። ዘይት ዘይት ይላል፤ አቧራ አቧራ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጆንያ ይሸታል። ሰሞኑን አዲሱ ሰሊጥ እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ መግባት ሲጀምር ያ ሽታ መንገዱን ሞላው፤ እኔም ባጃጅ አስቁሜ ወርጄ ከአንድ መጋዘን በር ላይ ፈዝዤ ቆምሁ። ባለባጃጁ አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። «አላመመኝም፤ ወጣትነት ተነሥቶብኝ ነው፤ ሲለቀኝ እንሄዳለን» አልሁት። መሪውን ለቆ ሳቀ። ሰው ማሳቅ ለእኔ እንደዚህ ነው፤ አስቤበት አይደለም፤ እንደ ላብ ነው የሚወጣኝ።

ለማታውቁኝ፣ ሞላ እባላለሁ። የተወለድሁት ሳንጃ አጠገብ ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስሁት ግን በመተማ ቆላ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከጆንያ ጀርባ፣ ከጭነት መኪና በስተኋላ ከሚጻፍ ጥቅስና ከፀረ ተባይ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ያም ሆኖ ዛሬ በዚህ ከተማ ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሰው ከጸሐፊዎቹ አስቀድሞ እኔን ይፈልጋል። የሱዳንን ዐረብኛ በጆሮዬ ለቅሜ አወቅሁት። የትራክተር ነዳጅ ማጠራቀሚያ ሲቀደድ በልብስ ሳሙና ደፍኜ ማሳ ጨርሼበታለሁ። ይህ ሁሉ ግን ትርፍ ነው። ሙያዬ ሰው ማሳቅ ነበር፤ በዚያም ሙያ ከኮኪት እስከ ድንበሩ ድረስ አቻ አልነበረኝም።

ወደ ኋላ የመለሰኝ ሽታው ብቻ አይደለም። ብርቱካን የምትባል ልጅ አለች፤ አባቷ ሰሊጥ ነጋዴ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ የወረሰችውን አሮጌ መጋዘን ሰሊጥ አላስገባበትም ብላ የሳቅ ቤት አደረገችው። ሰው መጀመሪያ አበደች አለ። ግማሹ ሙዚየም ነው፤ ግማሹ መድረክ። በሙዚየሙ በኩል ቆላውን ሲያስቅ የኖረ ዕቃ ሁሉ ተሰቅሏል፤ ቀልደኞች የሠራተኛውን አለቃ፣ ካቦውን፣ ለማስመሰል ይነፉት የነበረ ፊሽካ አለ፤ በሠርግ ቤት ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወት ሰው ያጠልቀው የነበረ የፍየል ጠጕር ጢም አለ፤ አንድ ወሎዬ እንደ ዙፋን ተቀምጦበት ፍርድ እየሰጠ ሲያስቅበት የኖረ የትራክተር ወንበር አለ፤ ሁለቱም የግራ እግር የሆኑ የኮንጎ ጫማዎች አሉ። በካሴት የተቀዳ የሠራተኛ ሳቅም አለ። ሲከፈት ማን ምን ብሎ እንደቀለደ አይሰማም፤ ሳቁ ብቻ ነው የሚሰማው፤ የሞቱት ሰዎች ሳቅ ካለነው ጋር ተደባልቆ ይወጣል። በመድረኩ በኩል ጆንያ ይደረደርበት የነበረው ርብራብ ተጋጥሞ ከፍ ብሏል፤ ተመልካቹ ገለባ በተሞላ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶቹ ይቀልዱበታል። አንዳንዶቹ ደኅና ናቸው። እኔ ደኅና አልነበርሁም፤ አንደኛ ነበርሁ። ከግድግዳው ላይ ትልቁ ፎቶ የማን እንደሆነ ግን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ቤቱ አንደኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው፤ ብርቱካንም «አያ ሞላ፣ የዚያን ዘመን ነገር እርስዎ ካልጻፉት ማን ይጽፈዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ማንም አይጽፈውም።

ያኔ ኮኪት ዛሬ እንደምታዩዋት አልነበረችም። የሣር ቤቶች፣ አንድ ሻይ ቤት፣ ጭነት መኪና የሚቆምበት ሜዳ፤ በቃ ያ ነው። መስከረም ጠብቶ ደመናው ሲለቅ የደጋው ሰው መኪና ላይ ተጭኖ ይወርዳል። ጎጃሜው አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ፣ ዱላውን ይዞ፤ ወሎዬው ሽርጡን አገልድሞ፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ አዋቂ መስሎ። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ በትንሿ የሱዳን ብርጭቆ፣ ስኳሩ ከሥር እንደ አሸዋ ረግቶ። በድንበሩ በኩል የሚገባው የናይሎን ሸሚዝ በዚያ ሙቀት ገላ ያቃጥላል፤ ያላማረው ግን አልነበረም። እኔ ቢጫውን ነበር የምለብሰው፤ ከሩቅ «ሞላ መጣ» እንዲባል። ሽቶውማ፣ አቤት የድንበር ማዶ ሽቶ! አንድ ጠብታ የተቀባ ሰው ገና ከገንዳ ውሃ ሳይነሣ ኮኪት ላይ ይሸታል። በሻይ ቤቱ ራዲዮ የማዶው ዘፋኝ ሲያንጎራጉር አንድም ቃል ሳይገባን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ በምን እንዳዘነ ሳናውቅ አብረነው እናዝናለን። ያ ሻይ ቤት የነበረበት ማዕዘን ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። በቀደም ገብቼ ባለሱቁን «እዚህች ቦታ ላይ እኔ አንድ ሻለቃ አስቄ ሻዩን በአፍንጫው አውጥቼዋለሁ» ብለው፣ «ካርድ ልስጥዎት አባባ?» አለኝ።

ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። የደጋ ሰው ይህን አያውቅም። ማሽላ ቆሞ ይታገሣል፤ ሰሊጥ ግን ደርሶ ጥቂት ካለፈው ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ባለ እርሻ ሁሉ መኪና መቆሚያው ላይ ወጥቶ ሠራተኛ ይለምናል፤ በእጅ ይጎትታል። ክፍያው የትም ተመሳሳይ ነው፤ ምግቡም የትም ያው ማሽላ ነው። ታዲያ ሠራተኛው የማንን ካምፕ ይምረጥ? ሳቅ ያለበትን ነዋ! ብልህ ባለ እርሻ ቀልደኛ ፈልጎ ይቀጥራል፤ ቀልደኛው ሰሊጡንም ያጭዳል፣ ሰውንም ያቆያል። እኔ ካለሁበት እርሻ ጥሎ የሄደ ሠራተኛ አላስታውስም። ከመኪና የሚወርደው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክፍያው አልነበረም፤ «ሞላ ዘንድሮ የት ገባ?» ነበር የሚለው።

የጨዋታዎቹ ሁሉ ንጉሥ የውሃው ጨዋታ ነው። ካምፑ ውስጥ አንድ በርሜል አለ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ይሆናል፤ ወንዙ ሩቅ ነው፤ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ማን ይውረድ? ሁለት ጀሪካን ተገልብጦ በግራሩ ጥላ ሥር ፊት ለፊት ይቀመጣል። በአንዱ ላይ አሳቂው፣ በሌላው ላይ እንዲስቅ የሚፈለገው ሰው ይቀመጣሉ። ጥርሱ ከታየ ጀሪካኖቹን ይዞ ወንዝ ይወርዳል። ምሳው እስኪደርስ ካልሳቀ ግን አሳቂው ራሱ ይሄዳል። ዳኛዋ የየካምፑ ወጥ ሠሪ ናት፤ በዚህ በምነግራችሁ ካምፕ እትዬ ዘነቡ ነበሩ፤ ጭልፋቸውን ከፍ አድርገው «ጥርስ!» ካሉ ይግባኝ የለም። እኔ ያኔ ወንዙ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር፤ የሚወርደው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። አንድ ጠባይ ግን ነበረብኝ። አንዴ የሳቀልኝ ሰው ለእኔ የታረሰ መሬት ነው፤ ሁለተኛ ማረሻ አላገባበትም። አንዱን ካምፕ ከዳር እስከ ዳር አስቄ ስጨርስ፣ ከርሞ ያልሳቀ ሰው ፍለጋ ወደ ሌላ እርሻ እሄዳለሁ። እንዲህ ስል ኖርሁ፤ እስከ ተካ ድረስ።

ተካ ከጎጃም ደጋ የመጣ ረጅም፣ ጠይም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጥን ቀን የትራክተሩን ጨዋታ አመጣሁለት። ይህ ጨዋታ የራሴ ፈጠራ ነው፤ ሌላ ሰው ሲጫወተው ካያችሁ ሰርቆኝ ነው። ጠዋት አልነሣ ያለ ትራክተር እሆናለሁ፤ አስላለሁ፣ እተፋለሁ፣ «ትናንትም ያረስሁ እኔ፣ ዛሬም እኔ?» እያልሁ በሞተር ድምፅ አጉረመርማለሁ፤ ሾፌሩ ሲገፋኝ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ሲለምነኝ ጭስ እለቅበታለሁ። ሰዉ መሬት ላይ ተንከባለለ። የእርሻው ሾፌር ራሱ ግራሩን አቅፎ አለቀሰ። ተካ ግን ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ቀኙን ጨብጦ፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ያየኛል።

«ጨረስህ?» አለኝ።

«ምነው፣ አላሳቀህም?»

«እኔ እኮ ያሰብሁት ለትራክተሩ ነው» አለ። «ናፍጣውን ማንም አላየለትም?»

ካምፑ በእኔ ላይ ሳቀ። እትዬ ዘነቡ ጭልፋቸውን ወደ እኔ አዙረው «በል ሞላ፣ ስንቱን ያወረድህበት መንገድ ነው፤ አይጠፋህም» አሉኝ። ጀሪካኖቹን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ተካ ነው። አንዱን ጀሪካን ከእጄ ወሰደ።

«ተው፤ ሕጉ አይፈቅድም» አልሁት።

«ሕጉ ስለ ጥርስ ነው። ስለ እግር ምን አለ?»

እንዲህ ያለ መልስ ከእኔ አፍ ሳይወጣ ከሌላ ሰው አፍ መውጣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከርሞ ወደዚያው እርሻ ተመለስሁ። በሚቀጥለውም። ሰዎች «ሞላ ምን ነካው? እርሻ መቀየር ተወ» አሉ። ካቦውን ሆንሁለት፣ ሠራተኛ ሲቆጥር አህያዋንም ራሱንም ደርቦ የሚቆጥረውን፤ ጀለቢያ የሚሉትን ረጅም ቀሚስ ተውሼ የማዶውን ነጋዴ ሆንሁለት፤ ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው ገበታ ላይ ወጥ ሲያወጣ ሆንሁለት። ሌላው ሰው ሆዱን ይዞ ይጮኻል፤ ተካ «ጨረስህ?» ይለኛል። ከዚያ ሁለት ሆነን ወንዝ እንወርዳለን። ስንት ነገር አወራን በዚያ መንገድ! ስለ አገሩ ውርጭ፣ ስለ እናቱ፣ ሊያገባት አስቦ ስላልደፈራት ልጅ ይነግረኛል፤ እኔም ለማንም የማልነግረውን እነግረዋለሁ፤ ለምሳሌ ፈርቼ እንደማውቅ። አንድ ዓመት ወባ ጥሎኝ የጠፍር አልጋ ላይ ስንቀጠቀጥ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ያንኑ የለቅሶ ቤት ፊቱን እንደያዘ፣ የእኔን ትራክተር ተጫወተልኝ። እንዴት ያለ መጥፎ ትራክተር መሰላችሁ! እንደ በግ ነው የሚያስለው። በትኩሳቴ መሀል ሳቄ አመለጠኝ። «ጥርስህ ታየ» አለ። «ታዲያ ልውረድ?» ብለው፣ «ተኛ፤ እኔ እወርድልሃለሁ» ብሎ ሁለቱንም ጀሪካን ይዞ ወጣ።

ከዚያ ዘመኑ ተለዋወጠ። እንዴትና ለምን እንደሆነ የሚያውቁ ይጻፉት። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፤ ካምፑ ተበተነ፤ ተካ ማዶ ተሻግሮ በዚያው ቀረ ተባለ። እኔ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ሚስቴን ቀበርሁ፣ ሸበትሁ። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በየገበያው ሰው ማሳቄን አልተውሁም። ያሳቅሁት ሰው ቢደረደር ከገንዳ ውሃ እስከ ድንበሩ ይደርሳል፤ ብቻዬን ስሆን ትዝ የሚለኝ ግን ያ አንዱ ያልሳቀው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ራሴ ብዙ ነገር እናገራለሁ፤ ያን አንድ ሰው ካላሳቅሁት ግን የተናገርሁት ሁሉ አንድ እግሩ አጭር እንደሆነ በርጩማ ይመስለኝ ነበር።

አምና ብርቱካን ቤቱን ልትከፍት ስትሰናዳ «ከእርስዎ ዘመን ምን ዕቃ ላስቀምጥ?» አለችኝ። «ሁለት ጀሪካንና አንድ ሰው» አልኋት። ስለ ተካ ነገርኋት። ልጅቷ ያሰበችውን የማትተው ናት፤ ሰው ጠይቃ፣ አስጠይቃ፣ ማዶው ሲታመስ በመተማ በኩል ከተመለሱት መካከል ሆኖ ኮኪት ልጁ ቤት ተቀምጦ አገኘችው። እኔም በከተማው ዞሬ አወጅሁ፤ «በመክፈቻው ቀን ተካን አስቃለሁ! ካላሳቅሁት ፎቶዬን ከግድግዳው አውርዱት!» ያኔ ትልቁ ፎቶ የእኔ ነበር፤ ከበሩ ፊት ለፊት፣ በቢጫ ሸሚዝ። ለዚያም ቀን የሚሆን አዲስ ጨዋታ ሠራሁ። ለማንም አልነገርሁትም፤ ግድግዳ ሰምቶ እንዳይስቅብኝ በሹክሹክታ ነበር የተለማመድሁት።

ቀኑ ደረሰ። ተካ በልጁ ተደግፎ ከሚኒባስ ወረደ። ያ ረጅም ሰው ጎብጧል፤ ጀለቢያ ለብሷል፤ ምርኩዝ ይዟል። አየኝና «ያ ዞል!» አለኝ እንደ ማዶ ሰው፤ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው። ቀጠለና በራሱ አነጋገር «አንተ ሞላ፣ ገና አልሞትህም?» አለ።

«አንተን ሳላስቅ ወዴት እሞታለሁ?»

ፊቱ ያው ነው። ተቃቀፍን፤ ማን እንዳለቀሰ አልናገርም። ሰዉ እስኪገባ ድረስ በግቢው ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቀኝ እጁን በሁለት እጄ ይዤ ስዳስሰው መዳፉ ሻካራ ሆነብኝ። ገልብጬ አየሁት። የተበተነ ሰሊጥ በመሰለ ጥቃቅን ጠባሳ ተሞልቷል።

«ይህ ምንድን ነው? ማጭድ ነው?»

«ማጭዱን የያዘውን እጅ ማጭድ ይቆርጠዋል እንዴ?» አለና ከጀለቢያው ኪስ አንድ ነገር አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። የግራር እሾህ ነው፤ ነጭ፣ ረጅም። «አንተ ስትቀልድ የምጨብጠው ይሄን ነበር።»

እሾሁን አንሥቼ አገላበጥሁት።

«ያስቅህ ነበር ማለት ነው?»

«ገና አፍህን ሳትከፍት!» አለ። «ያ ትራክተር ሊገድለኝ ነበር። ደሜ በጣቶቼ መሀል ሲወርድ በቁምጣዬ እጠርገው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትስቅም ነበር፣ አንተ ጨካኝ?»

«የመጀመሪያውን ቀን እውነቱን ልንገርህ፣ ፀሐዩን ፈርቼ ነው።»

«ፀሐዩን ከፈራህ ለምን ተከትለኸኝ ወረድህ?»

«ብቻህን ስትሄድ አሳዘንኸኛ» አለ። ምርኩዙን ወደ ጎን አድርጎ ቀጠለ። «ስንመለስ እትዬ ዘነቡ ነገሩኝ። 'ሞላ የሳቀለትን ሰው ሁለተኛ አያየውም፤ ከርሞ ሌላ እርሻ ነው' አሉኝ። እኔ ደግሞ ከደጋ ወርጄ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ብስቅልህ ትሄድ የለም? ከማን ጋር ወንዝ ልወርድ ነው?»

ያን ሁሉ ዓመት ያላሳቅሁት ሰው መዳፉን እየወጋ ሲስቅልኝ ኖሯል። እንዲህ ያለ ምስክር ያለው ቀልደኛ በዚህ ዓለም ላይ ካለ አምጡልኝና እንተያይ።

ተካ ጣቶቹን ሊያጥፍ ሞከረ፤ መንገድ ላይ ቀሩ። «ዛሬም ልማድ ሆኖብኝ እሾሁን አስቆርጬ መጣሁ። እጄ ግን አልጨብጥ አለኝ። ዛሬ ታሸንፈኛለህ፤ ጣልልኝ እሱን» አለ። ከዚያ ወደ መሬት እያየ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ፣ «ከዚህ በኋላማ ምን ልትሠራ ትጠራኛለህ» አለ።

እሾሁን አልጣልሁትም።

መድረኩ ላይ ሁለቱ ጀሪካኖች ተገልብጠው ፊት ለፊት ተቀመጡ። መጋዘኑ ጢም ብሏል፤ ጫኝና አውራጁ፣ ነጋዴው፣ ባለባጃጁ፣ የተካ ልጅ ከፊት። ብርቱካን ትልቅ ጭልፋ ይዛ እንደ እትዬ ዘነቡ ቆመች። ጀመርሁ።

«አንድ የሳንጃ ሰው ነው» አልሁ፤ በራሴ አገር ሰው ካልቀለድሁ በማን እቀልዳለሁ። «ማዶ ተሻግሮ አህያ ገዛ። ወደ ገንዳ ውሃ አምጥቷት፣ ጭኗት፣ 'መጭ!' አላት። ዝም። 'መጭ!' አላት። ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀች። ጎረቤቱ 'አንተ ሰው፣ የማዶ አህያ እኮ ናት፤ አማርኛ ከየት ታውቃለች?' አለው። እውነትም ብሎ አስተርጓሚ ቀጠረ።» አስተርጓሚውን ሆንሁ፤ ወደ አህያዋ ጆሮ ጎንበስ ብዬ በዐረብኛ ብዙ አወራሁ። አህያዋንም ሆንሁ፤ አሰብሁበት፣ ራሴን ነቀነቅሁ። «'ምን አለች?' 'ሻይ ሳልጠጣ ንቅንቅ አልልም አለች።' ሻይ መጣ። አስተርጓሚው ጠጣው። 'ምነው፣ አንተ ጠጣኸው?' 'ታዲያ በማን አፍ ትጠጣ? አስተርጓሚዋ እኔ አይደለሁ?'»

መጋዘኑ ተናወጠ። «ፉል አማረኝ ትላለች አለው። ፉል መጣ። በላላት። 'አሁንስ ትሄዳለች?' 'አሁንማ ጠግባ እንቅልፍ መጣባት' አለና ጥላ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተኛላት።» አንድ ጫኝ ከጆንያው ወደቀ። አንድ ባለባጃጅ በቃዎት እያለ ይለምነኛል። እኔ የማየው ተካን ብቻ ነው። አገጩ ይንቀጠቀጣል። አፍንጫው ተነፍቷል። ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። ያ ባዶ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሊጨበጥ ይሞክራል፣ ይፈታል፣ ይሞክራል።

የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። የሳንጃው ሰው ተናድዶ ወደ አህያዋ ወደ ሌላኛው ጆሮ ይሄድና በአማርኛ አንድ ነገር ይላታል። ያቺን ሰምቶ የማይስቅ ሬሳ ብቻ ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ዕድሜ ልኬን የፈለግሁት ጥርስ ከከንፈሩ በስተጀርባ ተሰልፎ ቆሟል። ሰው ጉረኛ ይለኛል፤ ይበል፤ እንዲህ ያለ ሰው አፉን ለመዝጋት ምን እንደሚያስፈልገው ግን ያን ቀን አወቅሁ። እሾሁ በእጄ ነበር። ጨበጥሁት።

«ከዚያ የሳንጃው ሰው ወደ ሌላኛው ጆሮዋ ሄደና...» ብዬ ዝም አልሁ።

«እሺ! ምን አላት?» ጮኹ።

«ረሳሁት» አልሁ።

መጀመሪያ የቀልዱ ክፍል መስሏቸው ጠበቁ። ከዚያ አንዱ «አይ፣ አያ ሞላ አርጅተዋል!» አለ። ሌላው «ፎቶው ይውረድ!» አለ፤ ሁሉም ተቀበሉት። ብርቱካን ዓይኗ ቀልቶ ጭልፋውን ወደ እኔ አዞረች። ተካ ረጅም ጊዜ አየኝ። አገጩ ቀስ እያለ ረጋ፤ የለቅሶ ቤት ፊቱ ተመለሰ።

«ጨረስህ?» አለኝ።

«ለዘንድሮ ጨረስሁ። ከርሞ ና፤ ያኔ ይታወሰኝ ይሆናል።»

ሕግ ሕግ ነው፤ ጀሪካኖቹን አንሥቼ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቦኖ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ተከትሎ በር ላይ ቆመ። ውሃውን ግማሽ ግማሽ ቀድቼ ዞር ስል ምርኩዙ ጠጠሩን እየመታ መጣ።

«አንዱን ስጠኝ።»

«ሕጉ አይፈቅድም።»

«ሕጉ ስለ እግር ምን አለ?»

እጁ ስለማይጨብጥ ምርኩዙን በጀሪካኖቹ እጀታ አሾልከን አንዱን ጫፍ እሱ በክንዱ፣ ሌላውን እኔ በመዳፌ ይዘን መንገዱን ተሻገርን። ባጃጆቹ ቆመው አሳለፉን። የእኔ በኩል የሆነው የምርኩዝ ጫፍ ደም ነክቶት ነበር፤ ጀለቢያውን ሳይነካ ለዚያ ቀን በለበስሁት ቢጫ ሸሚዜ ጠረግሁት።

ፎቶዬ በማግሥቱ ወረደ፤ አሁን መውጫው በር አጠገብ፣ ከፊሽካው በታች ነው። በቦታው የተሰቀለው ትልቁ ፎቶ የተካ ነው። በሳቅ ቤት ግድግዳ ላይ አፉን ገጥሞ የሚያይ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ የሚገባው ሁሉ ገና ሲያየው ይስቃል። እሾሁን ለብርቱካን ሰጠኋት፤ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣዋለች። «ምን ብዬ ልጻፍበት?» ስትለኝ «እሾህ ብለሽ ጻፊ» አልኋት። እጄን አየችና ሌላ አልጠየቀችም።

በቀደም ከኮኪት የመጣ ሾፌር የተካን መልእክት አደረሰኝ። «ሞላን በሉት፤ ዘንድሮም አያስቀኝም፤ ጀሪካኑን አጥቦ ይጠብቀኝ» ብሏል። አጥቤአቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከከተማው ወጣ ብዬ አንድ አዲስ እሾህ ቆርጫለሁ። ይህን ሁሉ የጻፍሁት ሞላ ተሸነፈ ብላችሁ እንዳትቀሩ ነው፤ እኔ ሽንፈት አላውቅም። የሳንጃው ሰው ለአህያዋ ያላትን ለእናንተም አልነግራችሁም። ብርቱካንንም ጽሑፉን በመድረኩ ላይ ጮክ ብላ እንዳታነብበው አስምያታለሁ። ተካ ማንበብ አያውቅም፤ እናንተ ካልነገራችሁት ከማንም አይሰማም። አትንገሩት።